በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትና ሥር የሰደዱ የአየር ቧንቧ በሽታዎች፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

እዚህ ጎንደር በቤተ ሙከራና በማስተማር ሥራ የቆየሁ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን የሳንባ ሕመምተኞችን አክታና ደም በመመርመር ያሳለፍሁ ባለሙያ ነኝ። ስለ አስም፣ ሲኦፒዲ ተብሎ ስለሚጠራው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብና ስለ መሰሎቻቸው ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ እንድትጠይቁ ጋብዤ ነበር፤ ከአራዳ፣ ከማራኪና ከአዘዞ አልፎ ከቆላድባና ከዳባትም ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት ትቼ እመልሳለሁ። የማንንም ሕመም ሳላይ መድኃኒት ማዘዝ እንደማልችል ግን አስቀድማችሁ ተረዱልኝ።

ጥያቄ (የ7 ዓመት ልጅ አባት፣ ከአራዳ)፦ ልጄ አስም አለበት። የመከላከል አቅሙ ደካማ ስለሆነ ነው ተብለን በየጠዋቱ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር እንሰጠዋለን። አቅሙን የሚያጠነክር ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያስቀደምሁት የሌሎቹም መልስ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። የልጅዎ ችግር የመከላከል አቅም ማነስ አይደለም። በአስም ውስጥ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቱ ንቁና ብርቱ ናቸው፤ ችግሩ በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ብናኝ፣ በአበባ ዱቄት ወይም ከድመት ቆዳ በሚረግፍ ብናኝ ላይ፣ ልክ ጥገኛ ትል እንደገባ ያህል መዝመታቸው፣ ከዘመቱም በኋላ ቶሎ አለመመለሳቸው ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ብናኙ ራሱ ሳይሆን ብናኙን ለማስወጣት የሚደረገው ዘመቻ ነው፤ የቧንቧው ግድግዳ ተቆጥቶ ያብጣል፣ ጡንቻው ይጨመደዳል፣ ንፍጡ ይወፍራል፣ ልጁም አየር ማስወጣት ያቅተዋል።

ስለዚህ ሕክምናው ማጠንከር ሳይሆን ማረጋጋት ነው። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲሳብ ያዘዘው መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ማር እንደ ምግብ ቢበላ አልቃወምም፤ ፌጦ ግን ሽታው ራሱ ስለሚያስል፣ በተለይ ትንፋሹ ባጠረበት ሰዓት አይስጡት። ከሁሉ በላይ የምፈራው ቤተሰቡ በፌጦው ተማምኖ የሚሳበውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ነው።

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ፣ ከማራኪ)፦ በትምህርት ክፍል የሕዋሳቱን ስም እንሸመድዳለን፤ ማን ማንን እንደሚጠራ ግን አይገባኝም። የአስምን ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቢያስረዱኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሕዋሳቱ ስም አትጀምሪ፤ ከቧንቧው ሽፋን ጀምሪ። የአየር ቧንቧን ከውስጥ የሚያለብሰው ኤፒተልየም ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ሲጎዳ ኡኡ ብሎ የሚጣራ ጎረቤት ነው። ጭስ፣ ቫይረስ ወይም የአለርጂ ብናኝ ሲያቆስለው ቲኤስኤልፒ፣ ኢንተርሉኪን 33 እና ኢንተርሉኪን 25 የተባሉ የጥሪ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ኡኡታውን ሰምተው ቀድመው ከሚደርሱት መካከል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በግልጽ የታወቁት የሁለተኛው ዓይነት ሊምፎይድ ሕዋሳት ይገኙበታል። እነዚህ የመጣው ማን እንደሆነ መለየት አያስፈልጋቸውም፤ ኡኡታው መሰማቱ ይበቃቸዋል።

ብናኙን ለይቶ የሚያውቀው ቲ ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ግን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉት ሕዋሳት ከብናኙ ቆንጥረው ወደ ሊምፍ ዕጢ ይወስዱና ለቲ ሊምፎሳይቱ ያሳዩታል፤ ሞስማንና ኮፍማን እ.ኤ.አ. በ1986 በአይጥ ሕዋሳት ላይ ለይተው ያሳዩት ቲኤች 2 የተባለው ቡድን የሚሰለጥነው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ትእዛዞች ይወጣሉ። ኢንተርሉኪን 4 ቢ ሊምፎሳይቶች አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ ኢንተርሉኪን 5 ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ከመቅኔ አስነሥቶ ዕድሜያቸውን ያራዝማል፤ ኢንተርሉኪን 13 ደግሞ ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳትን ያበዛል፣ ጡንቻውንም ለመጨማደድ ያዘጋጀዋል። አይጂኢው ማስት ሴል በተባሉ፣ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ በሚኖሩ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፤ ብናኙ ሲመለስና ሁለት አይጂኢዎችን ሲያገናኝ ማስት ሴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሉኮትራይን የተባሉ፣ ቧንቧውን የሚያጨማድዱ ኬሚካሎችን ይረጫል። በአስም ሕመምተኞች ላይ ማስት ሴሎቹ በቧንቧው ጡንቻ እሽግ መካከል ሳይቀር ገብተው ይገኛሉ፤ ቧንቧው በትንሽ ነገር የሚጨማደድበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል።

አንድ ጊዜ በዓይንሽ ካየሽው አትረሺውም። የአስም ሕመምተኛ አክታ በመስታወት ላይ በስሱ ተዘርግቶ፣ ራይት የተባለውን ቀለም ጠጥቶ፣ በዘይት ጠብታ ሥር 1000 ጊዜ ጎልቶ ሲታይ፣ ኢዮሲኖፊሉ እንደ መነጽር በቀጭን ድልድይ የተያያዙ ሁለት ጥቁር ወይን ጠጅ ክቦች አሉት፤ ዙሪያው ደግሞ ጡብ በሚመስል ቀይ ጥራጥሬ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ነው። ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1879 ስሙን ያወጣለት ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ቀለም ስለሚወድ ነው። በዚያው መስታወት ላይ አንዳንዴ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ መርፌ መሳይ ብርሃን አሳላፊ ክሪስታሎች ተበታትነው ይታያሉ። ከሞቱ ኢዮሲኖፊሎች የወጣ ጋሌክቲን 10 የተባለ ፕሮቲን ተጋግሮ የሠራቸው ናቸው። ሻርኮና ላይደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያዩአቸው እነዚህ ክሪስታሎች ለረጅም ዘመን እንደ ተራ ቆሻሻ ተቆጥረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ምርምር ግን ክሪስታሎቹ ራሳቸው መቆጣቱን እንደሚያባብሱ አሳይቷል።

ጥያቄ (እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ እናት፣ ከአዘዞ)፦ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ከ20 ዓመት በላይ በማገዶ ጋግሬአለሁ። አሁን ዳገት መውጣት አቃተኝ፣ ጠዋት ጠዋት ያስለኛል። ሐኪሙ የአጫሾች በሽታ ነው አለኝ፤ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እናቴ፣ ሐኪሙ ሲኦፒዲ ማለቱ ይሆናል። የአጫሾች በሽታ ብቻ አድርጎ መጥራቱ ግን ለእኛ አገር ሴቶች አይስማማም፤ ይህን አባባል ብንተወው ደስ ይለኛል። ሳንባ የትንባሆን ጭስና የባሕር ዛፍን ጭስ በስም አይለይም፤ ኩበትም ቢሆን ያው ነው። በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ከምጣዱ ሥር የሚወጣው ጭስ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ስለሚይዝ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል።

እዚያ የሚቀበለው ማክሮፋጅ የተባለው ሕዋስ ነው። ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ፣ ሕዋሳት እሾሁን ከበው ሊውጡት ሲሞክሩ ካየ ወዲህ እነዚህን ዋጭ ሕዋሳት እናውቃቸዋለን። ማክሮፋጅ የሳንባ ጠራጊ ነው፤ አቧራውን፣ ባክቴሪያውን፣ የሞተውን ሕዋስ ሁሉ ይውጣል። ለዓመታት በማገዶ የጋገረች ሴት ሳንባ ታጥቦ ውኃው ሲታይ፣ በማክሮፋጆቹ ሆድ ውስጥ የምጣድ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ተጠራቅሞ ይገኛል። ሕዋሱ ካርቦንን መፍጨት አይችልም። የዋጠውን ተሸክሞ ይኖራል፤ ሲሞት ሌላው ይውጠዋል።

ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። ጭስ የጠገበ ማክሮፋጅ ባክቴሪያ የመዋጥ አቅሙ ይደክማል፤ ነገር ግን የጥሪ ምልክት መላኩን አያቆምም። በጥሪው ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ይጎርፋሉ። ኒውትሮፊል ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይዞ ይመጣል፤ ይህ ኢንዛይም ባክቴሪያን ለመግደል የታሰበ ቢሆንም ሳንባ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገውንም ክር ይበጣጥሳል። ጤነኛ ሰው ከጉበቱ የሚወጣ አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን የተባለ መግቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በስዊድን ሎሬልና ኤሪክሰን ይህ መግቻ በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች በወጣትነታቸው ሳንባቸው እንደሚበላሽ አሳዩ፤ የኢንዛይሙና የመግቻው ሚዛን ወሳኝ መሆኑን የተረዳነው ከዚያ በኋላ ነው። ሲዲ 8 የተባሉ ቲ ሊምፎሳይቶችም በቧንቧውና በአየር ከረጢቱ ግድግዳ ላይ ተከማችተው ሕዋሳቱን ይገድላሉ። የማገዶ ጭስ ያመጣው ሲኦፒዲ ትንባሆ ካመጣው የሚለይበት ነገርም አለ፤ የአየር ከረጢቶቹ መፍረስ አነስ ብሎ የትናንሾቹ ቧንቧዎች መጠቋቆርና መጠንከር ያመዝናል።

ሥራዎን ይተው ብል እንጀራዎን መከልከሌ ነውና አልለውም። መብራት ባለበት ሰዓት በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር፣ ካልሆነም ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መጠቀም፣ እርጥብ እንጨት አለማንደድ፣ እሳቱ በሚያያዝበትና ጭሱ በሚበረታበት ሰዓት ከማድ ቤቱ መውጣት ይረዳል። የጉዳቱ ሁሉ አይመለስም፤ የሚቀጥለው ጉዳት ግን ይቀንሳል። ልጅ አዝለው የሚጋግሩ ከሆነ የልጁ ሳንባ ገና እያደገ ነውና እባክዎ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዝልዎ።

ጥያቄ (ከቆላድባ)፦ አስም ይተላለፋል? ከባለቤቴ ጋር ዕቃ ለይተን ነው የምንበላው።

መልስ፦ አይተላለፍም። ዕቃችሁን ቀላቅሉ፤ በአንድ ገበታ ብሉ። ሳሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየና ክብደት መቀነስ ወይም የሌሊት ላብ ካለ ግን የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን አስመርምሩ።

ጥያቄ (የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ከዳባት)፦ የደም ምርመራ ላይ ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሎ ሲመጣ ሐኪሞች አስም ነው ይላሉ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ በሰገራው ላይ ትል አገኛለሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዬ፣ ያገኙትን ይመኑ። በበለጸጉት አገሮች የሚጻፉት መመሪያዎች ኢዮሲኖፊልን የሚያነቡት ትል በሌለበት ሕዝብ መካከል ነው። በዚያ ንባብ መሠረት ሲኦፒዲ ያለበት ሰው በማይክሮሊትር ደም ውስጥ 300 እና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ካለው ስቴሮይድ የተባለው፣ መቆጣትን የሚያበርደው የሚሳብ መድኃኒት ይጠቅመዋል፤ ከ100 በታች ከሆነ ጥቅሙ እምብዛም ነው፣ የሳንባ ምች አደጋው ግን እንዳለ ነው። ለእኛም የሚጠቅም ቁጥር ነው፤ ነገር ግን በደምቢያና በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ፣ በየገጠሩ መንጠቆ ትልና ወስፋት ባለበት አገር፣ የ600 ውጤት ከሳንባው ይሁን ከአንጀቱ የመጣ መሆኑን ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የወስፋትና የመንጠቆ ትል እጭ ወደ አንጀት ከመድረሱ በፊት በሳንባ በኩል ማለፉ ነው። በሚያልፍበት ሰሞን ደረቅ ሳል፣ ፉጨትና ከፍ ያለ ኢዮሲኖፊል ያመጣል፤ በዚያን ጊዜ እንቁላሉ በሰገራ ላይ ገና አይታይም። እንግዲህ አንዴ የተሠራ የሰገራ ምርመራ ነጻ ነው ቢልም ነገሩ አላለቀም፤ ከሳምንታት በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ኢዮሲኖፊሎችና ቲኤች 2 ሕዋሳት ጨርሰው ባያስወግዱትም ይዘውት ይቆያሉ። ለአስም ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ እነዚህ ጠባቂዎች ይበተናሉ፣ ትሉም በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የእርስዎ የማጉያ መሣሪያ ትልቅ ዋጋ ያለው። ሐኪሙ ባይጠይቅዎም ያዩትን በግልጽ ጽፈው ይላኩለት።

ጥያቄ (ከዚያው ጋር የተያያዘ፣ ከማራኪ)፦ ትል አስምን ይከላከላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥያቄው ከአገራችን ጋር የቆየ ትስስር አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳየ፤ በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል በብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ፉጨት አነስ ብሎ እንደተገኘ ዘገበ። ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ ትሉ ላለመባረር ሲል ተቆጣጣሪ ቲ ሊምፎሳይቶችንና ኢንተርሉኪን 10ን ያነሣሣል፤ በዚህም የመከላከያውን ግለት ለራሱ ጥቅም ያበርደዋል። ሆኖም በእንግሊዝ አገር አስም ላለባቸው ፈቃደኞች የመንጠቆ ትል እጭ ሆን ተብሎ ሲሰጥ ጉልህ መሻሻል አልታየም። ትሉ ደም ይመጥጣል፣ ልጆችን ያቀጭጫል። የትል መድኃኒቱን ያለ ጥርጥር ይውሰዱ።

ጥያቄ (ብዙ ሰዎች)፦ የሚሳበው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል? ሰማያዊው ወዲያው ያሽለናል፤ ሌላው ግን ምንም አይታወቀንም።

መልስ፦ ሱስ አያስይዝም። ጥያቄያችሁ ግን የነገሩን ቁልፍ ይዟል። ሰማያዊው ሳልቡታሞል የሚሠራው በጡንቻው ላይ ነው፤ የተጨማደደውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል። ኢዮሲኖፊሉን አይነካውም፣ ቲኤች 2ንም አይነካውም። ጎረቤት ኡኡ እያለ በሩን ከፍቶ ጩኸቱን ችላ እንደማለት ነው። ሌላው፣ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ የሚባለው ስቴሮይድ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ገብቶ የኢንተርሉኪኖቹን ትእዛዝ ከምንጩ ይቀንሳል፤ ኢዮሲኖፊሎችም በተፈጥሮ ሞታቸው ቶሎ እንዲሞቱ ያደርጋል። ይህ ቀናትና ሳምንታት ስለሚፈጅ አይታወቃችሁም። የማይታወቃችሁ መድኃኒት ነው ሕይወታችሁን የሚጠብቀው።

ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሳልቡታሞልን ብቻውን ማከሚያ ማድረግን አይመክርም። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ ሰማያዊ ጣሳ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ማፈን የመጋለጥ ዕድሉ እንደሚጨምር ይታወቃል። በወር አንድ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ስቴሮይዱን የሰጠው አልነበረም። ያንን ሰው ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ።

መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር ስፔሰር፣ ማለትም በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ፣ ያስፈልጋል፤ ሲገዛ ውድ ነውና በቤት መሥራት ይቻላል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የውኃ ሃይላንድ ውሰዱ። የመድኃኒቱን አፍ በሚመጥን ልክ የታጠፈ ሽቦ በእሳት አግላችሁ የሃይላንዱን ቂጥ ብሱት፤ መድኃኒቱ በቀዳዳው ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ልጁ የሚተነፍሰው በሃይላንዱ አፍ በኩል ነው፦ አንዴ ይረጫል፣ ልጁም ረጋ ብሎ በርከት ያለ ጊዜ ይተነፍሳል። በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ፤ ጨርቅ ካሸው ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይዞ መድኃኒቱን ይስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕታውን ልጆች ላይ ተሞክሮ ይህ ሃይላንድ ከተገዛው እንዳላነሰ ታይቷል። ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ትፉ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ቆሻሻ በየሰፈሩ ሲቃጠል ሁልጊዜ ታፍኜ ሐኪም ቤት እገባለሁ። ለበሽታ ማባረሪያ ነው የሚባለው ጭስ እኔን ለምን ያሳምመኛል?

መልስ፦ ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን ከፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ያን መከራ ያዩ አባቶች ቤታቸውንና መንደራቸውን ለማጥራት ማሰባቸውን አከብራለሁ። ቆሻሻውን መጥረጉ ዛሬም መልካም ነው፤ ማቃጠሉ ግን በእነሱ ዘመን ያልነበረ ፌስታልና ፕላስቲክ ተጨምሮበታል። ጭሱ የእርስዎን ቧንቧ ሽፋን ሲያገኘው ቀድሞ የቆሰለ ነው፤ የነርቭ ጫፎቹ ተጋልጠዋል፣ ማስት ሴሎቹ ለመርጨት ተዘጋጅተዋል። ጎረቤትዎ በሳል የሚያልፈው ጭስ እርስዎን የሚያፍንዎት ለዚህ ነው። ዕለቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ የዘወትሩን ስቴሮይድ ከሳምንታት በፊት ሳያቋርጡ ይሳቡ፤ በዕለቱ በርና መስኮት ዘግተው ይቆዩ፤ የሰፈሩንም ሽማግሌዎች ያነጋግሩ፣ ቆሻሻው ተጠርጎ በመኪና ቢወሰድ ሥርዓቱ አይጎድልም።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ከዳባት)፦ በውድማ ላይ እህል በማበራይበት ሰሞን ማታ ማታ ትኩሳትና ሳል ይይዘኛል። አስም ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ የግድ አይደለም። በእብቁ አቧራ ውስጥ ከባክቴሪያ ቅርፊት የሚመጣ ኢንዶቶክሲን አለ፤ ማክሮፋጆች ሲያገኙት ኒውትሮፊሎችን ይጠራሉ፣ ትኩሳቱም ከዚያ ነው። አፍና አፍንጫዎን በደንብ ሸፍነው፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሥሩ፤ የሻገተ ገለባ አያገላብጡ። ሰሞኑ ካለፈ በኋላም ካልተወዎት ይመርመሩ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ አክታዬ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር አሞክሳሲሊን ገዝቼ እውጣለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ አረንጓዴው ቀለም የባክቴሪያ ሳይሆን የኒውትሮፊል ነው፤ ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ብረት ስላለው አረንጓዴ ነው። ቀለሙ የሚነግረን ብዙ ኒውትሮፊል ወደ ቧንቧው መጉረፉን ነው፤ ለምን እንደጎረፈ ግን አይነግረንም። ቫይረስም ይጠራዋል፣ ጭስም ይጠራዋል። በአስም ደግሞ ኢዮሲኖፊል ብቻውን አክታን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ትንፋሹ ከወትሮው ይበልጥ አጥሮ አክታው በዝቶ ቀለሙም ከተለወጠ ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ውሳኔው ግን ከፋርማሲ መስኮት ሳይሆን ከሐኪም መምጣት አለበት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የቲቢ መድኃኒቴን ከ4 ዓመት በፊት ጨርሼ ድነሃል ተብያለሁ። አሁንም በየቀኑ ብዙ አክታ አወጣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጂን ኤክስፐርት በተባለው የቲቢ የአክታ ምርመራ ይመርመሩ፣ ራጅም ይነሡ፤ ቲቢው አለመመለሱ መረጋገጥ አለበት። ካልተመለሰ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብሮንኪኤክታሲስ ነው፤ ቧንቧዎቹ ሰፍተውና ላልተው አክታ የሚጠራቀምባቸው ኪሶች ይሆናሉ። የቲቢ ባክቴሪያ የሚኖረው ሊውጠው በመጣው ማክሮፋጅ ውስጥ ነው። ሕዋሳቱ ከብበው ያጥሩታል፤ በዚያ ትግል የሚለቀቁት ኢንዛይሞች የሳንባውን ሥጋና የቧንቧውን ግድግዳ ይበላሉ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲሞት የፈረሰው ግድግዳ አብሮ አይታደስም። በኪሶቹ ውስጥ አዳዲስ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ፣ ኒውትሮፊሎች ይመጣሉ፣ ግድግዳው ይበልጥ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ ወጥመድ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያን እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ የብሮንኪኤክታሲስ አክታ እንደ ሙጫ የሚጎተተው በከፊል በዚህ ዲኤንኤ ምክንያት ነው።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ አክታውን ማውጣት ዋናው ሕክምና ነው። ታማሚው ክፍል ወደ ላይ እንዲሆን ጋደም ብለው፣ በረጅሙ ተንፍሰው፣ አፍዎን ከፍተው መስታወት ላይ ጉም እንደሚሠሩ ሁሉ ሃህ እያሉ ያስወጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኒውትሮፊሉ ኢንዛይሞች ገና በመቅኔ ሳሉ እንዳይነቁ የሚያደርግ ብሬንሶካቲብ የተባለ እንክብል በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለብሮንኪኤክታሲስ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን አክታ ማውጣቱን አይተዉ።

ጥያቄ (ነርስ፣ ከአራዳ)፦ በውጭ አገር በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ የአስም መድኃኒቶች አሉ ይባላል። ምንድን ናቸው?

መልስ፦ እያንዳንዳቸው ከሰንሰለቱ አንዷን ቀለበት የሚቆርጡ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደው ኦማሊዙማብ አይጂኢን ይይዛል፤ በ2015 የመጣው ሜፖሊዙማብ ኢንተርሉኪን 5ን ያግዳል፤ ዱፒሉማብ የኢንተርሉኪን 4ንና የ13ን በር ይዘጋል፤ በ2021 የተፈቀደው ቴዘፔሉማብ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ኡኡታ፣ ወደ ቲኤስኤልፒ ወጥቶ ይሠራል። ዱፒሉማብ በ2024 ኢዮሲኖፊላቸው ከፍ ላለ የሲኦፒዲ ሕመምተኞችም ተፈቅዷል። ዋጋቸው ለአብዛኛው ሕመምተኛችን የማይቀመስ ነው። ይሁን እንጂ አስም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ርካሹን ስቴሮይድ በትክክል ቢስቡ እነዚህ መርፌዎች አያስፈልጓቸውም፤ በእኔ እምነት የእኛ ቀዳሚ ትግል ቤክሎሜታዞን ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ጠያቂ በድጋሚ)፦ እንግዲህ ልጄ ይድናል? 6 ወር ሙሉ ምንም ሳያመው ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ልጆች በጉርምስና ጊዜ ይሻላቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በጎልማሳነት እንደገና ያማቸዋል። ምክንያቱ ትውስታ ነው። ብናኙን ለይተው የሚያውቁ ቲ ሊምፎሳይቶች ከዘመቻው በኋላ ሁሉም አይሞቱም፤ ጥቂቶቹ በሳንባው ሥጋ ውስጥ ሰፍረው ለዓመታት ይኖራሉ፣ አይጂኢ የሚያመርቱ ሕዋሳትም በመቅኔ ውስጥ ይቆያሉ። ልጅዎ 6 ወር ደኅና የሆነው መድኃኒቱ እነዚህን ስላረጋጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በራስዎ አያቁሙ። ደኅና ሆኖ 3 ወር ከቆየ ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይችላል፤ ቅነሳውም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረም፣ ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ በሚዘዋወርበት ሰሞን ባይሆን ይመረጣል። ልጁ ሲናገር ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰማያዊውን በሃይላንዱ እያስሳቡ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ያድርሱት።